የዘይቱ ልክ፦ የባለ ሁለት ምት ሞተር ነዳጅ አደባለቅ ከየት መጣ?

የዩኒየናችንን የምሥረታ በዓል ስናከብር ስለ ግብዓት አቅርቦት፣ ስለ ምርት ግብይትና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ይባላል። እኔ ግን ይህን አጋጣሚ በመጠቀም ስለ አንድ አነስተኛ ስለሚመስል ጉዳይ፣ ከቤንዚን ጋር ስለሚደባለቀው ዘይት ልክ፣ ጥቂት ለማለት ወደድሁ።

ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ በጀመርሁበት ዓመት አንድ መሠረታዊ ማህበር በአባላቱ የዕጣ ገንዘብ ሞተር ያለው የጀርባ መርጫ ገዝቶ ነበር። ስንዴው ላይ ቢጫ ዋግ በታየበት ሳምንት አንድ አባት «ልጄ፣ ዘይቱ ስንት ይግባበት?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም መመሪያውን ሳላነብ «አንድ ሁለት ቆርኪ ይበቃዋል» አልኋቸው። በሦስተኛው ቀን ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ሞተሩ ቆመ። ዋጉ ግን አልቆመም። ጥፋቱ የእኔ ስለነበር ከዚያ ወዲህ የነገሩን አመጣጥ ለማወቅ ጥረት አድርጌያለሁ።

ከቀደምት ባለ ሁለት ምት ሞተሮች አንዱ ስኮትላንዳዊው ዱጋልድ ክለርክ እ.ኤ.አ. በ1881 የፈጠራ መብት ያገኘበት ነው። ይሁን እንጂ የእርሱ ሞተር ነዳጅና አየር የሚያስገባ ተጨማሪ ሲሊንደር ያስፈልገው ነበር። ይህን ያቃለለው በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ይሠራ የነበረው ጆሴፍ ዴይ ነው። ዴይ እ.ኤ.አ. በ1891 የፈጠራ መብት ባገኘበት ሞተር ውስጥ ነዳጅና አየሩ መጀመሪያ ከፒስተኑ በታች ወዳለው ዝግ ክፍል ይገባል፤ ከዚያም ፒስተኑ ሲወርድ ወደ ላይ ይገፋል። በዚህ ምክንያት ሞተሩ ቀላልና ርካሽ ሆነ። በጀርባ የምናዝለው መርጫና የሞተር መጋዝም የዚሁ ሐሳብ ውጤቶች ናቸው።

ነገር ግን ይህ ቅለት የራሱ ችግር ነበረው። በመኪና ባለ አራት ምት ሞተር ዘይቱ ከታች ተጠራቅሞ ይኖራል። በዴይ ዓይነቱ ሞተር ግን የታችኛው ክፍል የነዳጅ መተላለፊያ ስለሆነ ዘይት ሊጠራቀምበት አይችልም። በመሆኑም ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ደባልቆ መላክ የተለመደ መፍትሔ ሆነ። ቤንዚኑ ሲተን ዘይቱ በኩሽኔታውና በፒስተኑ ላይ ይቀራል፤ በመጨረሻም ተቃጥሎ በጭስ ይወጣል።

ልኩም በየዘመኑ ተለዋውጧል። ለምሳሌ በምሥራቅ ጀርመን ይሠራ የነበረው ትራባንት መኪና በመጀመሪያ 1 ሊትር ዘይት ለ25 ሊትር ቤንዚን ይፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ግን በተሻለ ኩሽኔታ ምክንያት 1 ለ 50 በቂ ሆነ። የጃፓኑ ያማሃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 ዘይቱን ከተለየ ታንክ በፓምፕ እየመጠነ የሚልክ ሞተር ብስክሌት አቀረበ። በገጠር ሥራ የምናውቀው ዲቲ ሞተር ብስክሌት የራሱ የዘይት ታንክ ያለው ከዚህ የተነሳ ነው። መርጫችን ግን ይህ ፓምፕ ስለሌለው መጣኙ ሰው ነው።

እንግዲህ መመሪያው 1 ለ 50 ካለ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ5 ሊትር ጀሪካን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። 1 ለ 25 ካለ ደግሞ ለሊትሩ 40፣ ለ5 ሊትሩ 200 ሚሊ ሊትር ይሆናል። መለኪያ ከሌለ መድኃኒት ያልነካው አዲስ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይበቃል። ሲኒና ቆርኪ ግን መለኪያ አይደሉም። «ዘይት ቢበዛ አይጎዳም» የሚባለውም ስህተት ነው፤ ካንዴላው ይቆሽሻል፣ ማርሚታውም በጥላሸት ይደፈናል። የመኪና ሞተር ዘይትም ከነዳጅ ጋር እንዲቃጠል ስላልተሠራ ለባለ ሁለት ምት ሞተር የተዘጋጀውን መጠቀም ይገባል።

ውድ አባላት፣ አርሶ አደሩ ወደ ማህበር ከገባባቸው ምክንያቶች አንዱ በሚዛን እንዳይታለል ነው። ለእህላችን ትክክለኛ ሚዛን የምንጠይቅ ሰዎች በጋራ ገንዘባችን ለገዛነው ሞተር በግምት ልንቀዳ አይገባንም። የሚመለከታቸው የወረዳ ኃላፊዎችም መርጫ ሲከፋፈል መለኪያውና ሥልጠናው አብረው እንዲደርሱ ቢያደርጉ መልካም ነው። ያ ማህበር ዛሬ በተጠገነው መርጫው ላይ ልኩን በቀለም ጽፎበታል። ሲሪንጁም ከጀሪካኑ እጀታ ጋር ታስሮ ይኖራል።

መልካም በዓል!