ዌልስ በ1962

በፌብሩዋሪ 13 ቀን 1962 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጸሐፌ ተውኔቱ ሳውንደርስ ሉዊስ በቢቢሲ ሬዲዮ ስለ ቋንቋቸው ዕጣ ፈንታ በዌልስኛ ንግግር አሰሙ። በ1901 ከዌልስ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ይናገረው የነበረው ቋንቋ በ1961 ቆጠራ ወደ ሩብ ገደማ ወርዶ ነበር። ሉዊስ ውጤቱ ገና ሳይታተም፣ አካሄዱ ካልተለወጠ ዌልስኛ በሃያ አንደኛው መቶ ዓመት መባቻ ሕያው ቋንቋ መሆኑ ያከትማል አሉ።

በምሳሌነት የጠቀሷቸው የላንጌኔክ ነዋሪዎች የሆኑትን የከሰል ማዕድን ሠራተኛውን ትሬቨር ቢስሊንና ባለቤቱን አይሊንን ነው። ባልና ሚስቱ ከ1952 ጀምሮ የቤት ግብር ማስታወቂያው በዌልስኛ ካልተጻፈልን አንከፍልም በማለታቸው ደጋግመው ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ የፍርድ አስፈጻሚዎችም የቤት ዕቃቸውን እያወጡ ወሰዱባቸው። በ1960 ግን በሁለቱም ቋንቋዎች የተጻፈ ማስታወቂያ ደረሳቸው። ነገሩ የአንዲት ወረቀት ጉዳይ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ከመሥሪያ ቤት ደጃፍ የተባረረ ቋንቋ ከጓዳም ለመውጣት ጊዜ አይፈጅበትም።

ሉዊስ ጥሪውን ያቀረቡት ራሳቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ለሆኑበት ለዌልስ ብሔርተኛ ፓርቲ ነበር። ፓርቲው ዓይኑን በምርጫ ላይ ተክሎ ስለ ነበር አልተከተላቸውም። የተቀበሏቸው ወጣቶች ናቸው። እነዚሁ ወጣቶች በኦገስት፣ ፓርቲው በፖንታርዱላይስ ባካሄደው የበጋ ትምህርት ጉባኤ፣ የዌልስኛ ቋንቋ ማኅበርን አቋቋሙ፤ በፌብሩዋሪ 1963ም በአበሪስትዊዝ ድልድይ ላይ ተቀምጠው መንገድ ዘጉ። በ1967ና በ1993 የቋንቋ ሕጎች ታወጁ።

በ2021 ቆጠራ 538,000 ያህል ሰዎች፣ ከመቶ 17.8 እጅ፣ ዌልስኛ እንናገራለን ብለዋል።