ከፉርጎ እስከ ሰርቨር፦ የአዋሽ ሸለቆ የቃላት ጉዞ

«ሲስተም የለም።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ካለ ቢሮ ሄዶ የማያውቅ መሆን አለበት። እኔም ስሰማት ኖሬያለሁ። መልስ ሲሰጣት ያየሁት ግን አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ቢሮ ወረፋ ይዤ በቆምኩበት ቀን ነው። ከፊቴ አንድ የአፋር ሽማግሌ ነበሩ፤ ሽርጥ ያገለደሙ፣ በትራቸውን የተደገፉ። ሠራተኛዋ ቀና ሳትል «አባባ፣ ሲስተም የለም» አለቻቸው። ሽማግሌው ግራና ቀኝ አዩና በረጋ ድምፅ ጠየቁ፦

«የት ሄደ?»

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሳቄ ሲያልቅ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ እኔስ የት እንደሄደ አውቃለሁ እንዴ? ጋዜጠኝነት ተምሬ ተመርቄያለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተተክዬ እውላለሁ፤ ሆኖም «ሲስተም ማለት ምንድን ነው፣ በአማርኛ አስረጂኝ» ብባል ከሽማግሌው የምሻለው በመሳቄ ብቻ ነበር።

ለነገሩ እንዴት እንደተማርነው ታውቃላችሁ። «ሃርድዌር የሚዳሰሰው፣ ሶፍትዌር የማይዳሰሰው የኮምፒውተር ክፍል ነው።» ሸመደድን፣ ጻፍን፣ አለፍን። (በዚህ አተረጓጎም ነፍስም ሶፍትዌር ናት!) «ሲፒዩ የኮምፒውተር አንጎል ነው» ብለን ፈተና ላይ እየመለስን፣ ከፈተና ስንወጣ ግን ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠውን ሣጥን በሙሉ «ሲፒዩ» እያልን እንጠራ ነበር። ቃሉን እንጂ ነገሩን አልያዝነውም።

ሽማግሌውን እዚያው ወረፋ ላይ እናቆያቸውና ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። ምክንያቱም አዋሽ ላይ ባዕድ ቃል ሲወርድ ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

አዋሽ ከተማ የባቡር ልጅ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመር ፈቃድ ሰጡ፤ እሱም ከፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኖ ጋር ሥራውን ያዘ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ የአዋሽን ወንዝ ተሻግሮ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ፉርጎው ታዲያ ዕቃና ሰው ብቻ አልጫነም። ቃላትም ጭኖ መጣ። «ፉርጎ» ራሱ ፈረንሳይኛ ነው። «ላ ጋር» (ጣቢያው) ተብሎ የተነገረው አፋችን ውስጥ ገብቶ «ለገሀር» ሆነ። «ቡፌ» መጣ፤ አዋሽም ጣቢያዋ አጠገብ የራሷ «ቡፌ ዳዋሽ» ኖራት። «ባቡር» የሚለው ቃል እንኳ ሥሩ እንፋሎት የሚለው የፈረንጅ ቃል ነው፤ በዓረብ አፍ አልፎ ነው እኛ ጋ የደረሰው።

እነዚህን ቃላት አገርኛ ያደረገ ኮሚቴ የለም። ያደረጓቸው ተሸካሚው፣ ትኬት ቆራጩ፣ በየጣቢያው ዳቦና ብርቱካን የምትሸጠው ሴት ናቸው። ፉርጎን በጀርባው የጫነ ሰው ፉርጎ ምን እንደሆነ ማንም አላስረዳውም። ሕዝቡማ ቃሉን ከባቡር ሐዲድ ላይ አንስቶ በሞተር ለሚሠራ ወፍጮም ሰጠው። ገጠር ያደጋችሁ እህል «ባቡር» ወስዳችሁ አስፈጭታችሁ ይሆናል። ቃል ያንተ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ ካመጣው ሰው ፈቃድ ሳትጠይቅ ለሌላ ሥራ ስታውለው።

ስልክም እንደዚሁ። ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር በ1880ዎቹ የተጀመረ ነው፤ አዋሽን ሳይሻገር አዲስ አበባ አይደርስም ነበር። ሰው ሲያየው ምን አየ? ሽቦ። «ስልክ» የሚለው ቃል ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ይኸው ሽቦ ማለት ነው። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ሽቦ የለውም፤ ስሙ ግን አልተለወጠም።

ከአዋሽ ወደ ሰሜን የሚሄደውን አስፋልት ይዛችሁ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎጊያን ስታልፉ ሰመራ ትደርሳላችሁ። ሰመራ ሌላ ታሪክ ናት። የባቡር ሐዲድ አልወለዳትም፤ ሜዳ ላይ በዕቅድ ተቆርቁራ የአሳይታን ቦታ በመረከብ የክልሉ ርዕሰ ከተማ የሆነች፣ በ2000 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የተከፈተባት ከተማ ናት። ከተማዋ በምትገነባበት ዘመን አገሪቱም ሌላ ነገር እየዘረጋች ነበር። ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት የዋለው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ ወረዳኔትና ስኩልኔት መጡ። የወረዳ ቢሮዎች በሳተላይት እንዲገናኙ፣ ተማሪዎችም በ«ፕላዝማ» እንዲማሩ ተባለ። አዋሽ የፉርጎ ልጅ ከሆነች ሰመራ የሳተላይት ዲሽ ልጅ ናት ብል ብዙም አልተሳሳትኩም።

ልዩነቱም እዚህ ላይ ነው። የፉርጎ ቃል በተሸካሚ ትከሻ ላይ ወረደ። የኮምፒውተር ቃል ግን ከሰማይ፣ ተጠናቆ፣ ታሽጎ ወረደ። ሰርቨር፣ ራውተር፣ ፖርት፣ ፋየርዎል... ማንም አልተሸከማቸውም፤ ሁሉም ሸመደዳቸው። ሰመራ ውስጥ ያለ የአፋር ልጅ ደግሞ ቤቱ በአፋርኛ፣ ሰፈሩ በአማርኛ፣ ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ ነው። አንድን ቃል ለመጨበጥ ሁለት ወንዝ መሻገር አለበት።

የሚያናድደው እነዚህ ቃላት በተወለዱበት ቤት ተራ የጓዳ ቃላት መሆናቸው ነው። ለእንግሊዝ ልጅ «ማውስ» አይጥ ናት፤ ጭራዋን አይተው ነው የሰየሟት። «ሰርቨር» አስተናጋጅ ነው፤ ሲጠሩት የተጠየቀውን ያቀርባል። «ሃርድዌር» ደግሞ ከኮምፒውተር በፊት ምስማርና ማጠፊያ የሚሸጥበት የብረታ ብረት ሱቅ ቃል ነበር። ፈረንሳዮቹ ይህ ገብቷቸው ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1955 የአይቢኤም የፈረንሳይ ቅርንጫፍ ዣክ ፔሬ የተባሉ የላቲን ፕሮፌሰር አማክሮ ለኮምፒውተር «ኦርዲናተር» የሚል ስም አወጣ። (ኮምፒውተር በምኒልክ ባቡር መጥቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ «ኦርዲናተሬ ተበላሸብኝ» እንል ነበር።) ብሪታኒያዊው ዶናልድ ዴቪስ ደግሞ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መልእክትን ቆራርጦ በኔትወርክ የመላክን ሐሳብ ሲያፈልቅ ለቁራጩ ስም ፍለጋ የቋንቋ ባለሙያ አማከረ። «ፓኬት» የሚለውን የመረጠው በሌሎች ቋንቋዎችም በቀላሉ እንዲተረጎም ብሎ ነው። ሰውዬው እንድንተረጉመው አስቦልን ነበር፤ እኛ ግን ሸምድደን አስቀመጥነው።

ኮምፒውተርን በግዕዝ ካልጠራን ከሚሉት ወገን አይደለሁም። «የይለፍ ቃል» እና «ድረ ገጽ» አምረውብናል፤ «ኮምፒውተር»ም ይኑር፣ እንደ ፉርጎ። የምጠይቀው ማስረዳቱን ነው። ለማስረዳት ደግሞ ከአዋሽ መንገድ የተሻለ ሰሌዳ የለም።

አንድ ትልቅ ፋብሪካ ጅቡቲ ወደብ ላይ ወረደ እንበል። በአንድ መኪና አይጫንም። ስለዚህ ይፈታታና በሃያ መኪና ይጫናል። ይህ ነው ፓኬት። እያንዳንዱ ሹፌር ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር ዲክላራሲዮን ይይዛል፤ ፓኬትም አድራሻው ግንባሩ ላይ ነው። አንዱ በጋላፊና በሰመራ ይመጣል፣ ሌላው በደወሌና በድሬዳዋ። መንታ መንገድ ላይ ቆሞ «አንተ በዚህ፣ አንተ በዚያ» የሚለው ራውተር ነው። አዋሽ ሲደርሱ ሰነድ የሚያይና ያልተፈቀደውን የሚያስቆም የጉምሩክ ኬላ አለ፤ ፋየርዎል ማለት ኬላ ነው። ሁሉም ሞጆ ደረቅ ወደብ ተሰብስበው ፋብሪካው መልሶ ይገጠማል። ከሃያው አንዱ ካልመጣ «ላክልኝ» ተብሎ ይጠየቅለታል። ሎጊያ ላይ ሻይ የምታፈላ ልጅ ይህን ሁሉ ከመምህሯ በላይ ታውቃለች፤ ስሙን ብቻ ነው ያልነገርናት።

ሌላም አለ፤ ከባቡሩም ከስልኩም የሚቀድም። አፋር ዳጉ አለው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ቁጭ ይላሉ፣ ከዚያ በተራ ይነጋገራሉ፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ ማን ሞተ፣ ምን እንግዳ ነገር ታየ። ሰሚው «አንተ በዓይንህ አየህ ወይስ ሰማህ? ከማን?» ብሎ ይመረምራል። ከዚያ ተነስቶ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ውሸት የቀላቀለ ክብሩን ያጣል።

ኮምፒውተሮች መጀመሪያ ሰላምታ የሚለዋወጡበት፣ ተራ የሚጠብቁበት፣ የደረሰውን የሚያረጋግጡበት ሥርዓት «ፕሮቶኮል» ይባላል። ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን ዛሬ ኢንተርኔት የሚሠራበትን የዚህ ሥርዓት መሠረት ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ዳጉ ኢንተርኔት ነው እያልኩ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ማጋነን አያስፈልገንም። መልእክት ያለ ሥርዓት እንደማይደርስ ግን እዚህ ሸለቆ ውስጥ ገመድ ከመዘርጋቱ በፊት ይታወቅ ነበር።

አሁን ወደ ወረፋችን።

ሳቁ ሲበርድ ከኋላዬ የነበረ አንድ ወጣት ወደ ሽማግሌው ጠጋ ብሎ በአፋርኛ የሆነ ነገር ነገራቸው። የገባኝ አንዲት ቃል ብቻ ናት፦ ዳጉ። ምን እንዳላቸው ቆይቼ ስጠይቀው «የእርስዎ መዝገብ ያለው ሩቅ ከተማ ነው፤ ከዚያ ዳጉ የሚያመጣው መስመር ተቆርጧል አልኳቸው» አለኝ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው ሠራተኛዋን አከታትለው ጠየቋት። «ልጄ፣ የት ላይ ነው የተቆረጠው? ከመቼ ጀምሮ? ለሚጠግነው ሰው ተነግሮታል? ማን ነገረው?»

በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ሠራተኛዋም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለችና ስልኩን አነሳች።