የክርስቲያን ልጅና ዮጋ፤ ሦስት ነገሥታት በሸዋ ደጋ የሰጡት ፍርድ

ለክርስቲያን ወላጅ ከርስትና ከሀብት ሁሉ የሚበልጠው አደራ ልጁ ነው። ስለዚህ ከሩቅ አገር አዲስ ነገር በመጣ ጊዜ አባትና እናት አስቀድመው የሚጠይቁት፣ ይህ ነገር ልጃችንን ይጠቅመዋልን፣ ወይስ ከሃይማኖቱ ይለየዋልን ብለው ነው። በዛሬው ዘመን ይህ ጥያቄ ስለ ዮጋ ይነሣል። አንዱ፣ ዮጋ ወገብን የሚያፍታታ እስፖርት ነው እንጂ ሌላ አይደለም ይላል፤ ሌላው ግን የጣዖት ስግደት ነው ብሎ ስሙን እንኳ መስማት ይጸየፋል። ሁለቱም ከመፍረዳቸው በፊት የነገሩን ታሪክ ቢመረምሩ ይሻላቸዋል።

ዮጋ የሚለው ቃል በጥንቱ የህንድ ቋንቋ በሳንስክሪት መጥመድን፣ ማጋጠምን ያመለክታል፤ ገበሬ ሁለት በሬዎችን በቀንበር እንደሚያጋጥም ያለ ነው። ፓታንጃሊ የተባለው የህንድ ሊቅ መንገዱን በስምንት ክፍል ከፍሎ አስተምሯል። የሰውነት አቀማመጥ ከስምንቱ ሦስተኛው ብቻ ሲሆን፣ የመንገዱ ፍጻሜ የኅሊናን መናወጥ ጸጥ ማድረግ ነው። እንግዲህ ሥሩ የሃይማኖትና የፍልስፍና ሥር መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ዛሬ በየከተማው የሚታየው፣ ሰውነትን ማጠፍና መዘርጋት የበዛበት ዮጋ፣ በ1920ዎቹ ዓ.ም. ክሪሽናማቻርያ የተባለው መምህር በማይሶር ቤተ መንግሥት ያስተምረው ከነበረው የወጣ ብዙ ነገር አለበት፤ የአውሮፓ ጂምናስቲክም እንደ ተቀላቀለበት የሚናገሩ የታሪክ መርማሪዎች አሉ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ሰኔ 14 ቀን ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን እንዲሆን ወስኗል።

በክርስቲያኖች ዘንድ የተሰጠው ፍርድ አንድ አይደለም። በአሜሪካ በካሊፎርንያ፣ ኤንሲኒታስ በምትባል ከተማ፣ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ዮጋ መማራቸውን የተቃወሙ ወላጆች ከስሰው ነበር፤ ዳኛው በ2005 ዓ.ም. ትምህርቱ ሃይማኖት ማስተማር አይደለም ብሎ ፈረደ፤ ይግባኝ ሰሚውም ፍርድ ቤት በ2007 ዓ.ም. ፍርዱን አጸናው። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ግን በ2012 ዓ.ም. ዮጋ ከክርስትና ሕይወት ጋር ከቶ እንደማይስማማ አስታወቀ።

የዮጋ ስም ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ደጋ እንግዳ ይሁን እንጂ፣ ጥያቄው ለሸዋ እንግዳ አይደለም። የባዕድ ነገር ወደ ክርስቲያን ልጅ በቀረበ ጊዜ በዚህ ደጋ ሦስት ነገሥታት ሦስት ልዩ ልዩ ፍርድ ሰጥተዋል።

የመጀመሪያው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት እኒህ ንጉሥ ደብረ ብርሃንን ቆርቁረው የዘመናቸውን መጨረሻ በዚያ አሳለፉ። በዚያ ወራት ከተጠመቀው ሕዝብ መካከል ደስክና ዲኖ ለሚባሉት አጋንንት በስውር የሚሠዋ ነበርና፣ ንጉሡ ይህን ሊያጠፉ ቈርጠው ተነሡ። ክርስቲያን ሁሉ ሰይጣንን መካዱን የሚናገር ጽሑፍ በግንባሩና በእጁ እንዲያደርግ፣ ካህናትም ሕዝቡን ሰብስበው ሃይማኖትን እንዲያስተምሩ አዘዙ። ማስተማሩ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን የቅጣቱ እሳት ወደ ራሳቸው ቤት ገባ። ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸው ለደስክና ለዲኖ ሰገዱ ተብለው በተከሰሱ ጊዜ ንጉሡ ሳይራሩ በብርቱ አስገረፏቸው፤ ከነርሱም በግርፋቱ የሞቱ አሉ። ዜና መዋዕሉን የጻፈው ሰው ራሱ ከሳሾቹን በክፋት ይወቅሳቸዋል። ልጆቹን ከባዕድ አምልኮ ለማዳን የተነሣ አባት ልጆቹን አጣ።

ሁለተኛው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። የነገሡበት ቤት ሥሩ በመንዝ ነው፤ አባቱ ነጋሢ ክርስቶስ ከአጋንቻ የተነሣ ነበርና። በ1831 ዓ.ም. ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ አንኮበር ገብቶ ትምህርት ቤት ለመክፈት በጠየቀ ጊዜ፣ ንጉሡ የሚሹት የሃይማኖት አስተማሪ ሳይሆን ሐኪም፣ ግንበኛና አንጥረኛ መሆኑን ገለጡለት። ስለዚህ ክራፕፍ ጥቂት ልጆችን ከማስተማር አላለፈም። በ1834 ዓ.ም. በመንዝና በግሼ በኩል ወደ ወሎ ሲሻገር በአዳራ ቢሌ አገር ተዘረፈ፤ ወደ ሸዋ ሊመለስ በፈለገም ጊዜ በሩ ተዘጋበት። ንጉሡ የእጅን ጥበብ ከልብ ትምህርት ለይተው፣ አንዱን ተቀበሉ፣ ሁለተኛውን መለሱ። ይህ ከግርፋት የተሻለ ጥበብ ነው። ሆኖም ትምህርት ቤቱ ከሃይማኖቱ ጋር አብሮ ስለ ተመለሰ፣ የአገሩ ልጅ ከመጽሐፉም ከቋንቋውም ሳይጠቀም ቀረ።

ሦስተኛው በአንጎለላ የተወለዱት የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ዐፄ ምኒልክ ናቸው። በ1900 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ሊያቆሙ ባሰቡ ጊዜ፣ ካህናቱና ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ የአውሮፓ አስተማሪ የልጆቹን ሃይማኖት ይለውጣል ብለው ፈሩ። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ ግን ልጆቹን ከትምህርት አልከለከሉም፤ ካህናቱንም አልናቁም። ሐና ሳሊብን አለቃ አድርገው በሃይማኖት አንድ የሆኑትን ቅብጦች ከግብፅ አስመጡ። ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ዐረብኛና ሒሳብ፣ ከዚህም ጋር የሰውነት ማጠንከሪያ በትምህርት ቤቱ ተሰጠ። ትምህርቱ የባዕድ ሆኖ ሳለ አስተማሪው የቤት ሰው ሆነ፤ ወላጅም ልጁን ለመስጠት ልቡ ረጋ።

ከነዚህ ከሦስቱ ፍርዶች ለዛሬ ወላጅ የሚሆን ምክር ይገኛል። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ዮጋ ሠራ ተብሎ ቢነገረው፣ አስቀድሞ ልጁን ራሱን ይስማ እንጂ ከሳሽን ሰምቶ ዱላ አያንሣ። ቀጥሎ ነገሩን ይለይ፤ ጀርባን ማጠፍና ትንፋሽን መግዛት በራሱ አምልኮ አይደለም፤ ለባዕድ አማልክት ስም የሚደገም ቃል፣ ለፀሐይ ተብሎ የሚደረግ ስግደት፣ ስለ ነፍስ የሚሰጥ ሌላ ትምህርት ግን የሃይማኖት ነገር ነውና ክርስቲያን ልጅ አይቀበለውም። ሁለቱን ለይቶ የማያስተምር መምህር ቢሆን ልጁን ከዚያ ያውጣው፤ የሰውነት ማጠንከሪያውንም ከታመነ መምህር ይፈልግለት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ወላጅ የራሱን ቤት ይመልከት። ቤተ ክርስቲያናችን ሰውነትን ከጸሎት ያልለየች ናት፤ ጾሙ፣ ስግደቱ፣ በመቋሚያ ተደግፎ ሌሊቱን በማኅሌት መቆሙ ሥጋ ከነፍስ ጋር የሚማርበት ነው። በመንዝ ብርድ ባናውን ደርቦ ገና ሳይነጋ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገሠግሥ ልጅ ይህን ከአባቱ አይቶ ያውቀዋል። የከተማው ልጅ ግን ስግደት ምን እንደ ሆነ የነገረው ሰው ከሌለ፣ ጸጥታን ከሌላ ደጅ ቢፈልግ ወቀሳው በልጁ ብቻ ሊሆን አይገባም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ካዘዟቸው ነገሮች ሳይጸጽት የሚኖረው ግርፋቱ ሳይሆን ማስተማሩ ነው፤ ወላጅም ከመከልከሉ አስቀድሞ ያስተምር።