«መድኃኒት» የሚለው ቃልና የጋሌጋ ታሪክ

የሙያ ቃል የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩ ሲዘነጋ ቃሉ ያሳስታል። ለስኳር ሕሙማን የሚታዘዘው ሜትፎርሚን «ከዕፅ የተገኘ መድኃኒት» ሲባል ይሰማል። የአባባሉን ልክነት ለመመርመር የነገሩን አመጣጥ እንከተል።

ጋሌጋ ኦፊሲናሊስ ከባቄላና ከአተር ጋር የሚዛመድ፣ በአውሮፓ ባህላዊ ሕክምና የታወቀ ዕፅ ነው። ስሙ «ወተት» ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ሲሆን፣ የከብትን ወተት ያበዛል ተብሎ ይታመን ነበር። ይሁን እንጂ ይኸው ዕፅ በጎችን መርዞ ይገድላል።

እ.ኤ.አ. በ1918 ጉዋኒዲን የእንስሳትን የደም ስኳር ዝቅ እንደሚያደርግ ታወቀ። በጋሌጋ ውስጥ ያለው ጋሌጂን የዚሁ ወገን በመሆኑ በ1920ዎቹ በሕሙማን ላይ ተሞከረ፤ መርዛማነቱ ግን አላስኬደውም። የእነዚሁ ዘመድ የሆነው ሜትፎርሚን በ1922 ደብሊን ውስጥ በቤተ ሙከራ ተሠራ። ኢንሱሊን ገና መገኘቱ ስለነበር ለብዙ ዘመን ያስታወሰው አልነበረም። በ1957 ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን በሕሙማን ላይ ያገኘውን ውጤት አሳተመ፤ መድኃኒቱንም «ስኳር በላ» የሚል ፍቺ ባለው ስም ግሉኮፋዥ አለው። አሜሪካ የፈቀደችው በ1994 ነው።

ከዚህ ታሪክ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን እናገኛለን፦ ዕፁን፣ በዕፁ ውስጥ ያለውን ውሁድና በእርሱ ፈለግ በሰው እጅ የተሠራውን። አማርኛችን ሦስቱንም «መድኃኒት» በሚል አንድ ቃል ይጠራል። ቃሉ ከግእዙ «ድኅነ» የመጣ ሆኖ መዳንን ያመለክታል፤ ነገር ግን «መድኃኒት አበሉት» ሲባል መርዝን የሚያስታውስ መሆኑን ተናጋሪው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ቃሉ ብቻውን የሙያን ሸክም አይችልም።

በእኛ አስተያየት ለመጀመሪያው «የመድኃኒት ዕፅ»፣ ለሁለተኛው «የዕፅ ውሁድ»፣ ለሦስተኛው «ሰው ሠራሽ መድኃኒት» ማለት ይገባል። ለሁለተኛው «ንጥረ ነገር» ማለት አይስማማም፤ በኬሚስትሪ ይህ ቃል እንደ ካርቦንና ናይትሮጂን ላሉት የተያዘ ነውና። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። «ያው ዕፅ ነው» የሚለውን ሰምቶ የታዘዘለትን ኪኒን በቅጠል የሚተካ ሕመምተኛ፣ መጠኑ ተለክቶ የታወቀውን ትቶ መጠኑም ጉዳቱም ወዳልተለካው ይሄዳል። መዝገበ ቃላት ሐኪም ባይሆንም፣ በዚህ ስሕተት ላይ በር መዝጋት ይችላል።