የሴት ልጅ ርስትና ስደት በቢቸናና በሞጣ አገር

«ሴት ለማጀት፥ ወንድ ለችሎት» የሚለው ቃል ከየጥኖራ እስከ ሞጣ ባለው አገር ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። ወንድ ልጅ በ40፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ ጥምቀቱ ግን አንድ ነው፥ በጥምቀት የሚገኘውም ልጅነት አንድ ነው። መለያየቱ የሚጀምረው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወደ ቤት ሲመለሱ ነው።

ወንዱ ከፍ ሲል ለምዱን ደርቦ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ብዙ ጊዜም አባቱን ሳያስፈቅድ ወደ ዲማ ወይም ወደ ደብረ ወርቅ ይኮበልላል፤ በኋላም ዘመዱ ይኮራበታል። ለሴቲቱ ግን በወግ የተከፈተላት በር ጋብቻ ብቻ ነበረ። አንዳንዶቹ 10 ዓመት ሳይሞላቸው ተዳሩ። ባሏን ጠልታ የተመለሰችውን ወላጆቿ መልሰው ይሰድዷታል፤ ስለዚህ ሌሊት ተነሥታ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሄዳ በሰው ቤት ታድራለች። ወንድሟ «ለትምህርት ሄደ» ሲባል እርሷ «ጠፋች» ተባለች። መውጣታቸው አንድ ሲሆን ስሙ ሁለት ሆነ።

ነገር ግን የአገሩ ሥርዓት ራሱ ይህን ወግ ይቃወመዋል። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ይቈጠር ነበረና፥ ሴት ልጅ ከወንድሟ ጋራ ድርሻ ነበራት። ስለ መሬት የሚሟገት ሰው የሴት አያቱን ስም በዳኛ ፊት ከፍ አድርጎ ይጠራል፤ በቤቱ ግን የገዛ ልጁን እንደ እንግዳ ይቈጥራታል።

ሞጣም ምስክር ናት። በ18ኛው መቶ ዓመት ሞጣ ጊዮርጊስን ያስተከለችው የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናት። የጎጃም ገዥ ራስ ኃይሉም ከእርሷ ተወለደ፤ ስለዚህ የአገሩ መሳፍንት ትውልዳቸውን በሴት ቈጠሩ።

ኋላም በ20ኛው መቶ ዓመት በጎንጅ ቴዎድሮስ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ተነሡ። የቅኔ መምህር የነበሩት አባታቸው «ሴት ናት፥ ዓይነ ስውርም ናት» ብለው አልተዉአቸውም፤ ቅኔን አስተማሯቸው። ልጅቱም በአባታቸው ወንበር ተቀምጠው ወንዶችን አስተማሩ። በር የተከፈተላት ልጅ መኮብለል አላስፈለጋትም።

ርስት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቀረ፤ አዋጁም መሬት ያለ ወንድና ሴት ልዩነት እንዲሰጥ አዘዘ። ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ 15 ዓመት ነበረ፥ በ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ 18 ሆነ። ሆኖም አዋጅ የሚነገረው በአደባባይ ነው፤ ልጅ የምትመዘነው ግን በጓዳ ነው። ስለዚህ ልጅቱ ለምን ወጣች ብሎ የሚነቅፍ አባት፥ አስቀድሞ በየትኛው በር ትውጣ እንደ ነበረ ራሱን ይጠይቅ።