ቆሞ የሞተ ጀግና፣ ቀልጦ የቀረ ብር

«ሳንቲም ሰብሳቢ ሥራ ፈት ነው፤ ገንዘብ ካልተገዛበት ምኑ ገንዘብ ሆነ?» አለኝ አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ። ነገሩ እውነት ይመስላል። ዳሩ ግን መንግሥት ሳንቲም ሲያስመታ ዋጋ ብቻ አይቀርጽም፤ ሕዝቡን «ይህን አትርሱ» ማለቱም ነው። ታዲያ ሕዝቡ ይሰማል ወይ? የአየርላንድ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው።

አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ1928 የራሷን ሳንቲሞች ስታወጣ ንድፉን የመረጠውን ኮሚቴ የመራው ባለቅኔው ይትስ ነበር። በአንድ ገጽ በገና፣ በሌላው ፈረስ፣ በሬ፣ ዶሮ ተቀረጸ፤ የሰው መልክ ግን አልነበረም። ይህ ልማድ የተሻረው በ1966፣ የፋሲካው አመፅ 50ኛ ዓመት ሲከበር ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ባለ 10 ሺሊንግ የብር ሳንቲም የፓትሪክ ፒርስን መልክ ያዘ። ፒርስ መምህርና ገጣሚ ነው፤ በ1916 በደብሊን ዋና ፖስታ ቤት ፊት የነፃነቱን አዋጅ አነበበ፤ ብዙም ሳይቆይ እንግሊዞች ረሸኑት። በጀርባው ደግሞ ቆሜ ልሙት ብሎ ራሱን ከዓምድ ጋር ያሰረው የጥንቱ ተረት ጀግና ኩሁለን አለ። በገናው እንኳ ቦታውን ለቀቀላቸው።

ታዲያ ምን ሆነ? በመጀመሪያ፣ የፀረ እንግሊዙን አመፅ መታሰቢያ የመታው የለንደኑ የዘውድ ገንዘብ መምቻ ቤት ነው! ቀጥሎም፣ ከተመቱት 2,000,000 ያህል ሳንቲሞች ገበያው ብዙውን አልፈለገም፤ ሰው የለመደውን የወረቀት 10 ሺሊንግ መረጠ። ከ1,200,000 በላይ የሚሆነው ተመልሶ ቀለጠ። ሰማዕቱ ሁለተኛ ሞተ ማለት ይቻላል።

20,000 ያህሉ ግን ገና ከጅምሩ ለሰብሳቢዎች ተብለው፣ በተወለወለ ማኅተም፣ መደባቸው እንደ መስተዋት እስኪያበራ ተመትተው ነበር። እንግዲህ ጓደኛዬ ሥራ ፈት ያለው ሰው ሣጥን ውስጥ ገብተው እሳቱን አመለጡ።

ይሁንና ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም፤ ማንበብም አለ። በ2013 የአየርላንድ ማዕከላዊ ባንክ ለጄምስ ጆይስ መታሰቢያ ባለ 10 ዩሮ የብር ሳንቲም ሲያወጣ፣ ከ«ዩሊሲስ» በተጠቀሰው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ደራሲው ያልጻፈው አንድ ቃል ተጨምሮ ተገኘ። ባንኩም ስሕተቱን አመነ። መጽሐፉን የሚያውቅ ባይኖር ኖሮ ያ ስሕተት በብር ላይ እውነት ሆኖ ይኖር ነበር።

መንግሥት ይቀርጻል፤ ገበያ ያቀልጣል፤ ሰብሳቢ ያኖራል። አንብቦ ማረም ግን የእኛ የተማሪዎቹ ፋንታ ነው።