ጉልቻ ቢለዋወጥ፦ የማገዶ ቆጣቢ ምድጃ አጭር ታሪክ

ባለፈው ተርም በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ 18ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ስናስተምር፣ በብርዱ አገር ሰዎች ቤታቸውን የሚያሞቁት በእንጨት እንደነበረና እንጨቱም እያነሰ ሄዶ እንዳስቸገራቸው ተናገርን። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ታዲያ እነሱም እንደኛ ማገዶ ይለቅሙ ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ ሳቀ። እኛ ግን የሚያጠግብ መልስ አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ ለእሷ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ በካኩማ ሙቀት ስለ ቤት ማሞቂያ ምድጃ ማውራት እንደሚያስቅ እናውቃለን። ሆኖም የማሞቂያው ታሪክና የእኛ ጉልቻ ታሪክ አንድ ሥር አላቸው፤ ሁለቱም የተነሡት ከእንጨት እጥረት ነው።

ብርዱና እንጨቱ

ድሮ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብዙው ሰው እሳት የሚያነደው ግድግዳ ውስጥ በተሠራ ክፍት ማንደጃ ነበር። ሙቀቱ ከጭሱ ጋር ቀጥ ብሎ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ሰውየው ፊቱ እየተለበለበ ጀርባው ይበርደዋል፤ እንጨቱ ግን ያልቃል።

በ1742 አካባቢ በፊላዴልፊያ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ከማንደጃው የሚገባ የብረት ምድጃ አወጣ። የግዛቲቱ ገዥ ለብቻው የመሸጥ መብት ሊሰጠው ቢፈልግም፣ እኛ ከሌሎች ፈጠራ እንደምንጠቀም የእኛንም በነፃ እንስጥ በሚል ሐሳብ አልቀበልም አለ። ደግ ሰው ነበር፤ ምድጃው ግን ጉድለት ነበረው። ጭሱ ከመውጣቱ በፊት ወደ ታች መውረድ ነበረበት። ጭስ ደግሞ ካልሞቀ አይወጣም፤ ስለዚህ ወደ ክፍሉ ይመለስ ነበር። በሚገባ የሠራው በኋላ ሌሎች ሰዎች መውጫውን ካስተካከሉት ወዲህ ነው።

በስዊድን ደግሞ ደኑን የሚበላው ብርዱ ብቻ አልነበረም። የብረት ማቅለጫውም በከሰል ነበር የሚሠራው። መንግሥት አሳሰበውና በ1767 ካርል ዮሐን ክሮንስቴትና ፋቢያን ቭሬዴ የተባሉ ሁለት ሰዎች እንጨት የሚቆጥብ ምድጃ እንዲያወጡ አዘዘ። እነሱም ጭሱ በጡብ በተሠሩ መተላለፊያዎች ወደ ላይና ወደ ታች ተመላልሶ እንዲወጣ አደረጉ። ጡቡ ሙቀቱን ይጠጣል። እሳቱ ለአጭር ጊዜ በኃይል ይነድዳል፤ ፍሙ ሲያልቅ መዝጊያው ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ጡቡ የጠጣውን ሙቀት ለብዙ ሰዓት ቀስ እያለ ይመልሳል። ፍሙ ሳያልቅ ከተዘጋ ግን ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ቤቱን ይሞላዋል። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደን እንዳንተኛ የሚነገረንም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ሰው ቤንጃሚን ቶምፕሰን፣ በማዕረግ ስሙ ካውንት ረምፎርድ፣ እንደኛው አገሩን ጥሎ የወጣ ነው። አሜሪካ ተወልዶ በአብዮቱ ጊዜ ከእንግሊዝ ጎን ስለቆመ ተሰደደ፤ በኋላም ሙኒክ ውስጥ የባቫሪያ ገዥ ሹም ሆነ። በ1790 ድሆችን በሥራ ቤት ሰብስቦ ሲያበላ ማገዶው ወጪውን እንዳያበዛው ክፍቱን እሳት ተወና በጡብ ከበበው። ድስቱን ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጠው፤ ለያንዳንዱ እሳትም አየር መቆጣጠሪያ በር አበጀለት። ብዙ ሕዝብ በትንሽ እንጨት መገበ።

ወደኛ ሰፈር

አዲስ አበባ በ1886 ስትቆረቆር በዙሪያዋ ደን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተቆርጦ አለቀ። በ1900 አካባቢ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥም መልሶ ያቆጠቁጣል። አያቶቻችን ችግሩን የፈቱት በዛፍ ነው ማለት ነው። ምድጃው ግን ያው ሦስት ጉልቻ ሆኖ ቀረ።

የምድጃው ተራ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኬንያ ውስጥ የታይላንድን የባልዲ ምድጃ መነሻ በማድረግ ውስጡ ሸክላ፣ ውጪው ቆርቆሮ የሆነ የከሰል ጂኮ ተሠራ። የመጀመሪያዎቹ ሸክላቸው ይሰነጠቅ ነበር። ተጠቃሚዎች እየሞከሩ፣ ሠሪዎችም እያረሙ ወገቡ ቀጠን፣ ታቹ ሰፋ ያለ ሆነ። ይህ ቅርጽ ለውበት አይደለም፤ ኡጋሊ በኃይል ሲማሰል ምድጃው እንዳይገለበጥ ነው! ከእሱ ተወስዶ በኢትዮጵያ «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃ መጣ።

በ1990ዎቹም «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ተከተለ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ እየተጣለ ይሠራል፤ ምጣዱን ዙሪያውን ይከበዋል፣ እንጨት የሚገባው በጠባብ አፍ ነው፣ ጭሱም በኋላ ይወጣል። ከክፍት እሳት ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ሊቆጥብ ይችላል። በሀገራችን ከቤት ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ስለሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከባዱ ጭቃ ያስተማረው

በ1976 ጓቲማላ ውስጥ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ከአሸዋና ከጭቃ የሚሠራ ሎሬና የተባለ ትልቅ ምድጃ ተስፋፋ። ርካሽ ነው፣ ማንም በእጁ ይሠራዋል፣ ጭሱንም ከቤት ያወጣል። ኋላ ሲለካ ግን ብዙውን ጊዜ ከክፍት እሳት ያነሰ እንጨት አይፈጅም ነበር። ለምን? ወፍራሙ ጭቃ ሙቀቱን ድስቱ ሳያገኘው ይጠጣዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ስዊድናዊውን ያሞቀው ይኸው ሙቀት መጠጣት አልነበረም? ነበር። ለቤት ማሞቂያ ጥሩ የሆነው ባሕርይ ለድስት ጠላት ሆነ። ባለጡብ ማሞቂያ ሌሊቱን ሰው ያሞቃል፤ አንድ ጀበና ቡና ለማፍላት ግን ያን ሁሉ ጡብ ማሞቅ ምን ይባላል? ብዙ እንጀራ በተከታታይ ለሚጋገርበት ምድጃ ግን አንዴ የሞቀው ግድግዳ ይጠቅማል። ስለዚህ «የትኛው ምድጃ ጥሩ ነው?» የሚለው ጥያቄ ገና አልሞላም። ሙቀቱ የት እንዲሄድ ነው የምንፈልገው? እዚያ ምድጃ የምትቀመጠውስ ሴት ምን ትላለች? ፍራንክሊንም፣ የጂኮ ሠሪዎችም የታረሙት እሳቱ ላይ በሚሆነው ነገር እንጂ በወረቀት አይደለም።

ለምን እንጽፈዋለን?

ማገዶ እዚህ የታሪክ ክፍል ጨዋታ ስላልሆነ ነው። በዳዳብ ካምፖች በ1990ዎቹ እንጨት ለመልቀም ቁጥቋጦ የሚገቡ ሴቶች ይደፈሩ ነበር። በ1998 የማገዶ እደላ ተጀመረ። በኋላ የተደረገው ግምገማ እንዳሳየው፣ እንጨቱ በበቂ በታደለበት ወቅት ማገዶ ለቀማ ላይ የሚደርሰው ጥቃት ቀነሰ፤ በሌላ ቦታ የሚደርሰው ግን አልቆመም። የታደለውም ከቤተሰብ ፍላጎት ጥቂቱን ብቻ ነበር የሚሸፍነው። ምድጃ ብቻውን ሴትን አይጠብቅም። ነገር ግን ሁለት ሸክም ወደ አንድ ካወረደ፣ አንድ የጫካ ጉዞ አስቀረ ማለት ነው።

እኛ መምህራን ይህን የምናየው በስም መጥሪያው ነው። ጠዋት ስም ስንጠራ ከኋላ «ማገዶ ሄዳለች» የሚል ድምፅ ይሰማል። የሚጠራው የወንድ ልጅ ስም ሲሆን ይህን መልስ ሰምተን አናውቅም ማለት ይቻላል።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ስለ ወጡ ተረቱ እውነቱን ነው። ስለ ማገዶው ግን የሚነግረን ነገር የለም።

ለተማሪዎች የቤት ሥራ፦ በቤታችሁ ለአንድ ሳምንት የሚነደውን እንጨት በየቀኑ መዝኑና ጻፉ። እንጨቱ ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ? እርጥብ ከሆነ እሳቱ መጀመሪያ የሚያፈላው የእንጨቱን ውሃ ነው። ማን እንዳመጣውና ስንት ሰዓት እንደፈጀበትም መዝግቡ። ከዚያ ምግብ የምታበስለውን ሰው፣ እናትም እኅትም ትሁን፣ ከምድጃው ምን ቢለወጥ እንደምትወድ ጠይቁ። ጥያቄውን ያነሣችው ተማሪም እንዳትቀር፤ የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ ከእሷ እንጠብቃለን።